የወላጅ ደመወዝና የልጅ ኮሌጅ

(በሬዲዮ የተነገረ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ በዩናይትድ ስቴትስ ኮሌጅ ለሚገቡ ተማሪዎች ስለሚሰጠው የገንዘብ ርዳታና ይህንኑ ርዳታ ለማግኘት ቤተ ሰብ ስለሚያቀርበው ማመልከቻ ነው። አርእስቱን ስትሰሙ «የአሜሪካ ኮሌጅ ለእኛ ምናችን ነው?» የምትሉ እንደምትኖሩ እገምታለሁ። ነገር ግን በየመሥሪያ ቤቱ ከምናገለግለው መካከል የራሱን፥ የእኅቱን ወይም የወንድሙን ልጅ ወደዚያ አገር የሸኘ ብዙ ሰው አለ። ከነዚያም ልጆች አንዳንዶቹ ርዳታውን ሳያገኙ የሚቀሩት የሚሰጣቸው ጠፍቶ ሳይሆን፥ እዚህ ያለው ወላጅ መሙላት የሚገባውን ሳይሞላ በመቅረቱ ነው። ስለዚህ ነገሩ የእኛም ጕዳይ ነው።

በመጀመሪያ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከእኔ ጋራ ለብዙ ዘመን በአንድ ክፍል የሠሩ፥ በሥራቸውም በጠባያቸውም የተመሰገኑ አንድ ሰው አሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሴት ልጃቸው ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈጽማ ሳለ የዲቪ ዕጣ ደረሳትና የመኖሪያ ፈቃድ አግኝታ ሄደች፤ ከዋሽንግተን ከተማ አጠገብ ከምትኖረው አክስቷ ቤትም ዐረፈች። ጥቂት ጊዜ ሠርታ ካደረች በኋላ ነርስ ለመሆን ዐስባ በአቅራቢያዋ በሚገኝ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ለመመዝገብ ተሰናዳች። የርዳታውን ማመልከቻ መሙላት ስትጀምር ግን የአባትና የእናቷን ገቢ ተጠየቀች። «አባባ፥ ያንተንና የእማማን ደመወዝ ያስፈልገኛል፤ በስምህ የሚመጣውን ኢሜይል ከፍተህ ድርሻህን ሙላልኝ» ብላ ላከችባቸው።

እሳቸውም አንብበው ዝም አሉ። አንድ ሳምንት፥ ሁለት ሳምንት፥ አንድ ወር ዐለፈ። ልጅቱ በስልክ በጠየቀቻቸው ቍጥር «ኔትወርክ የለም፤ ሥራ በዝቶብኛል» እያሉ ያሳልፉት ነበር። ምክንያቱን ለእኔ የነገሩኝ ብዙ ቈይተው ነው። «የአሜሪካ መንግሥት የእኔን ደመወዝ ምን ሊያደርግለት ይጠይቃል? ደግሞስ በዶላር ሲመነዘር ስንት ሊሆን ነው? በልጄና በእኅቴ ፊት እንዴት አድርጌ እጽፈዋለሁ?» አሉኝ።

አድማጮቼ ሆይ፥ ይህን የሰማ ሰው በእሳቸው ለመፍረድ አይቸኵል። በእኛ ዘንድ የአንድ ሰው ደመወዝ እንደ ገመናው ነው። ከወዳጅ ይሸሸጋል፤ ከዘመድ ይሸሸጋል፤ አንዳንድ ጊዜም ከገዛ ልጆች ይሸሸጋል። አባት ለልጁ የሚያሳየው የተከፈለለትን የትምህርት ቤት ክፍያና የተገዛለትን ልብስ ነው እንጂ ገንዘቡ ከየት ተርፎ እንደ መጣ አይደለም። እንግዲህ ይህን ተሸፍኖ የኖረ ነገር በባዕድ ቋንቋ በተጻፈ ቅጽ ላይ ግለጥ ሲባል ልቡ ቢያመነታ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ ማመንታቱ በልጁ ላይ የሚያስከትለውን ጕዳት ለማወቅ ርዳታው ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ መረዳት ያስፈልጋል። ዓመቶቹን የምጠራው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር መሆኑን ልብ በሉልኝ።

በአሜሪካ በ1944 ከጦር ሜዳ የሚመለሱ ወታደሮች በመንግሥት ወጪ እንዲማሩ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። በ1965 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ቀድሞ በተማሩበት በቴክሳሱ ኮሌጅ ተገኝተው የከፍተኛ ትምህርትን ሕግ ፈረሙ። በ1972 ደግሞ ዐቅም ላነሰው ቤተ ሰብ ልጅ በቀጥታ የሚሰጥ የገንዘብ ስጦታ ተመሠረተ። ይህ ስጦታ በ1980 ብዙ በደከሙለት በሴናተር ክሌይቦርን ፔል ስም ተሰየመ፤ ዛሬም ፔል ግራንት እየተባለ ይጠራል። በ2024–25 የትምህርት ዓመት ለአንድ ተማሪ የሚሰጠው ትልቁ መጠን 7,395 ዶላር ነበር። ስጦታ በመሆኑም ተማሪው ትምህርቱን በደንቡ እስከ ተከታተለ ድረስ መልስ አይባልም።

ከስጦታው ሌላ በኮሌጁ ዘንድ እየሠሩ የሚከፈል ገንዘብ አለ፤ ብድርም አለ። በወላጆቹ ሥር የሚቈጠር የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ከመንግሥት የሚበደረው ከ5,500 ዶላር አይበልጥም፤ ከዚህም ውስጥ በትምህርት ላይ ሳለ ወለዱን መንግሥት የሚችልለት ቢበዛ 3,500 ዶላር ነው። ብዙዎች ግዛቶችና ኮሌጆችም ከራሳቸው ገንዘብ ይሰጣሉ። የመንግሥቱ ርዳታ ሁሉ የሚጠየቀው፥ ግዛቶችና ኮሌጆችም በብዛት የሚመለከቱት አንድ ማመልከቻ ነው፤ ስሙ ፋፍሳ ይባላል። በ1992 በወጣው ሕግ የቆመ ሲሆን ዛሬ በኢንተርኔት ይሞላል። ፋፍሳ የሚለው ስም ከአምስት የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደሎች የተሠራ ነው፤ የመጀመሪያውም ቃል «ነጻ» ማለት ነው። ስለዚህ ይህን ማመልከቻ ለማስገባት ገንዘብ ክፈሉ የሚላችሁ ቢኖር የመንግሥቱ ሰው እንዳልሆነ ዕወቁ።

አሁን የወዳጄ ጥያቄ ወደ ነበረው ልመለስ። የአሜሪካ መንግሥት የእኛን ደመወዝ ስለ ምን ይጠይቃል? በአገራችን በወጪ መጋራት ደንብ መሠረት ተማሪው ውል ይፈርማል፤ ተምሮ ሥራ ሲይዝም ድርሻውን ይከፍላል። ዕዳው በአባቱ ደመወዝ አይለካም። በዚያ አገር ግን ሥርዐቱ ከሌላ ሐሳብ ይነሣል። ልጅን ማስተማር በመጀመሪያ የወላጅ ግዴታ ነው፤ የወላጅ ዐቅም ከተለካ በኋላ የጐደለውን መንግሥት ይረዳል የሚል ነው። ዐቅም ሳይለካ ርዳታ አይመዘንም።

እንግዲህ ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ዕድሜው 24 ዓመት ያልሞላ፥ ያላገባ፥ የሚያሳድገው ልጅም የሌለው ተማሪ፥ በሕጉ ከተዘረዘሩት ጥቂት ልዩ ምክንያቶች በቀር፥ በወላጆቹ ሥር እንዳለ ይቈጠራል። ወላጆቹ አዲስ አበባ ይኑሩ ደሴ፥ ገንዘብ ይላኩለት አይላኩለት፥ ለማመልከቻው ለውጥ የለውም። ወላጅ በእስራት ላይ ቢሆን ወይም ልጁ ከወላጁ ጋራ መገናኘቱ አደጋ የሚያመጣበት ቢሆን የኮሌጁ የርዳታ ሹም መርምሮ ሊያልፈው ይችላል። ወላጅ «አልሞላም» ቢል ግን ይህ ብቻውን እንደ ምክንያት አይቈጠርም። እንዲህ ያለው ተማሪ ቢበዛ ወለዱ ከመጀመሪያው ቀን በራሱ ላይ የሚቈጠር ብድር ይፈቀድለት ይሆናል እንጂ ስጦታውን አያገኝም። የአባት ዝምታ ልጅን ከስጦታ አውጥቶ ዕዳ ውስጥ ያገባል ማለት ነው።

ይህን ሥርዐት ካለማወቅ የተነሣ ቤተ ሰብ የሚሳሳትባቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ልቍጠር።

የመጀመሪያው ስለ አክስትና አጎት ነው። በእኛ ባህል ያሳደገች አክስት እናት ናት፤ ማንም አይለያትም። በማመልከቻው ግን አክስት፥ አጎት፥ አያት ወይም ታላቅ ወንድም፥ ልጁን በሕግ በማደጎ ካልወሰዱት በቀር፥ ወላጅ አይባሉም። ልጅቱ የአክስቷን ቤት ቤቴ፥ የአክስቷንም ደመወዝ የወላጄ ደመወዝ ብላ ብትጽፍ ሐሰት ይሆንባታል፤ የአክስቷም ደመወዝ በዶላር ከፍ ያለ በመሆኑ የሚገባትን ስጦታ ያሳጣታል።

ሁለተኛው ስለ ገንዘቡ ዐይነት ነው። ማመልከቻው የሚቀበለው ዶላር ብቻ ነው። ለምሳሌ በወር 15,000 ብር የሚከፈለው ሰው በዓመት 180,000 ብር ያገኛል። ይህን ሳይመነዝር 180,000 ብሎ ቢጽፍ ቅጹ እንደ ባለጸጋ ይቈጥረዋል። አንድ ዶላር 150 ብር ነው ብንል ግን እውነተኛው የዓመት ገቢ 1,200 ዶላር ነው። በእነዚህ በሁለቱ ቍጥሮች መካከል ያለው ልዩነት የልጁ ኮሌጅ ነው። በተለይም በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የቀድሞውን ሒሳብ በቃል ይዞ መጻፍ አይገባም፤ ቅጹ በሚሞላበት ቀን አቅራቢያ የወጣውን የምንዛሪ ዋጋ ማየት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ስለ ዓመቱ ነው። የሚጠየቀው የዛሬው ገቢ ሳይሆን ከሁለት ዓመት በፊት የነበረው ነው። ለ2026–27 የትምህርት ዓመት የሚጠየቀው የ2024 ገቢ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራ የለቀቀ፥ ጡረታ የወጣ ወይም የታመመ ቢኖር ቅጹን እንደ ተጠየቀው ሞልቶ፥ የደረሰበትን ለኮሌጁ የርዳታ ቢሮ በጽሑፍ ማስረዳት ይችላል። ሹሙም ማስረጃውን አይቶ ሒሳቡን የማስተካከል ሥልጣን አለው።

አራተኛው ስለ ፊርማ ነው። በእኛ አገር ባልና ሚስት ሁለቱም ደመወዝተኞች ከሆኑ ግብራቸው የሚቈረጠው ለየራሳቸው ነውና፥ አብረው የሚኖሩ ከሆነ የአባትም የእናትም ድርሻ ይጠየቃል። እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መለያ ከፍተው፥ ፈቃዳቸውን ሰጥተው ይፈርማሉ። የአሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትና ቍጥር የሌለው ወላጅ ቍጥር እንደሌለው ገልጾ መቀጠል ይችላል። አዲሱ ቅጽ በ2023 መጨረሻ ሲጀመር እንዲህ ያሉ ወላጆች ለብዙ ሳምንታት መግባት አቅቷቸው ነበርና ያን ጊዜ ሞክረው ተስፋ የቈረጡ ሰዎች ደግመው ቢሞክሩ መልካም ነው።

አምስተኛው ስለሚጠየቀውና ስለማይጠየቀው ሀብት ነው። በባንክ ያለው ተቀማጭ ይጠየቃል። ወላጅ የሚኖርበት ቤት ግን አይቈጠርም። «ቤቴን ሊጽፉብኝ ነው» ብሎ የሚፈራ ሰው ካለ ፍርሀቱን ይተው። ቅጹ የሚጠይቀውን በእውነት መጻፍ ይበቃል፤ ዐውቆ ሐሰት መጻፍ ግን በገንዘብና በእስራት የሚያስቀጣ ነው።

እዚህ ላይ በዚያው አገር ስለሚኖሩ ወላጆችም አንድ ቃል ልጨምር። ወንድማችሁ ወይም እኅታችሁ ቤተ ሰብ መሥርተው በዚያ ቢኖሩ፥ ማመልከቻው የሚያየው ግብር የከፈሉበትን ገቢ ነው። በየወሩ ቈርሰው ለእናታቸው መድኃኒት፥ ለወንድማቸው የቤት ኪራይ፥ ለዘመድ ሐዘን የሚልኩትን ገንዘብ ቅጹ አይቀንስላቸውም። በወረቀቱ ላይ ጠግቦ የሚያድር የሚመስለው ቤት በእውነቱ ሁለት ቤት የሚያስተዳድር ነው። ይህንንም ለርዳታው ቢሮ በደብዳቤ ማስረዳት ይፈቀዳል፤ መቀበሉ ግን የሹሙ ፈንታ ነው። ስለዚህ ልጃቸው ኮሌጅ በሚገባበት ዓመት ከእነሱ ገንዘብ የምንጠይቅ ሰዎች ይህን ብናስብላቸው ደግ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሥራችን ልምጣ። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ነን፤ ወረቀት ማዘጋጀትና ማረጋገጥ የዕለት ሥራችን ነው። ኮሌጁ የተጻፈው ገቢ እውነት መሆኑን ለማየት ማስረጃ የሚጠይቅበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ወላጁ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄዶ የዓመት ደመወዙንና የተቈረጠበትን ግብር የሚገልጽ ደብዳቤ ይጠይቃል። ይህ ደብዳቤ በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሳምንት ቢተኛ በዚያ ያለችው ልጅ ምዝገባዋ ሊያልፍባት ይችላል። «ነገ ተመለስ» ማለት ለጸሓፊው ቀላል ነው፤ ነገር ግን ያ ነገ ለሌላው ሰው ስድስት ወር ሊሆን እንደሚችል እናስብ። የደመወዙን ልክ በየቢሮው ማውራትም ነውር ነው። ያመነን ሰው ገመና ጠባቂዎች እንሁን።

በመሥሪያ ቤታችን እንግሊዝኛ የሚያነቡ፥ ኮምፒዩተርም የሚችሉ ወጣቶች አሉ። ታላላቆቻቸው እነሱን መጠየቅ ያፍሩ ይሆናል። ወጣቱ ራሱ ቀርቦ «ጋሼ፥ እትዬ፥ የልጅዎ ቅጽ ካለ አብረን እንየው» ቢል ትልቅ ቍም ነገር ሠራ ይባላል። የሚረዳው ሰው ግን ሦስት ነገር ይጠብቅ። ከጐን ተቀምጦ ያንብብ እንጂ የወላጁን የይለፍ ቃል አይውሰድ፤ በወላጁ ፈንታ አይፈርም፤ ያየውንም ለማንም አይናገር።

ጊዜውንም ልብ ማለት ይገባል። ማመልከቻው በየዓመቱ የሚከፈተው እስከ ኦክቶበር 1፥ በእኛ አቈጣጠር እስከ መስከረም 21 ቀን ገደማ ነው። የመንግሥቱ የመጨረሻ ቀን ሩቅ ቢሆንም ግዛቶችና ኮሌጆች ከራሳቸው ለሚሰጡት ገንዘብ ቀደም ያለ ቀን ይቈርጣሉ፤ ለዘገየም ላይተርፍ ይችላል። እንዲሁም በየዓመቱ እንደ ገና ይሞላል እንጂ አንድ ጊዜ በመሙላት አያበቃም።

ሳልናገር እንዳላልፍ፥ ይህ ሁሉ የሚመለከተው ዜግነት ወይም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸውንና በሕጉ የተፈቀደላቸውን ሌሎች ጥቂት ሰዎች ነው። ከዚህ ከአዲስ አበባ በተማሪ ቪዛ ለመሄድ የሚያመለክት ልጅ የፔልን ስጦታ አያገኝም። እንዲህ ያለው ተማሪ ርዳታ የሚጠይቀው ከኮሌጁ ከራሱ ገንዘብ ነው። እንደ ሃርቫርድ፥ ዬል፥ ፕሪንስተንና አምኸርስት ያሉ ጥቂቶች የውጭ አገርን ተማሪ ሲቀበሉ የመክፈል ዐቅሙን ሳይመለከቱ ይቀበላሉ፤ የጐደለውንም ይሞላሉ። የመግቢያው ፉክክር ግን እጅግ ብርቱ ነው። በዚያም ቢሆን የወላጅ ገቢ ይጠየቃልና የነገርኋችሁ ምክር አይለወጥም።

አባቶቻችን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ፤ ደግሞም «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ማነስን መናገር ማነስ አይደለም። ይህ ማመልከቻ እንዲያውም አነስተኛ ደመወዝ የሚጠቅምበት ያልተለመደ ቦታ ነው፤ ልጃችን ስጦታውን የምታገኘው የእኛ ደመወዝ ትንሽ በመሆኑ ነውና።

የወዳጄን ነገር ልጨርስላችሁ። እሳቸው ዝም ባሉበት ዓመት ልጃቸው ትምህርቱን አልተወችውም። ማታ ማታ በሱቅ እየሠራች በየመንፈቁ አንድ አንድ ኮርስ ብቻ በገዛ ገንዘቧ ተማረች። ሌሎቹ ዓመቱን ሲፈጽሙ እሷ ሩቡን ያህል እንኳ አልፈጸመችም። በሚቀጥለው ዓመት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከቤታቸው ሄጄ ከባለቤታቸው ጋራ ሦስታችን ተቀመጥን። ቡና ተፈላ፤ ቅጹ ተከፈተ። ደመወዙን በዐሥራ ሁለት አባዝተን፥ ወደ ዶላር መንዝረን፥ ሁለቱም ፈርመው እስኪጨርሱ አንድ ሰዓት አልፈጀም። ሲያልቅ እሳቸው ስልክ አንሥተው ለልጃቸው ራሳቸው ነገሯት። ደመወዛቸውንም በቃላቸው ጠሩላት።

ልጅቱ ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ «አባባ፥ በዚህ ደመወዝ ነው እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ያስተማርከኝ?» አለቻቸው። እሳቸውም መልስ ሳይሰጡ ስልኩን ለእናቷ አቀበሉ።

በዚያ ዓመት ስጦታው ተፈቀደላት፤ የሌሊት ሥራዋንም ቀንሳ ሙሉ ትምህርት ያዘች። ያለፈው ዓመት ግን አልተመለሰም። ወዳጄ ይህን ንግግር እንዳደርግ ፈቃድ የሰጡኝ ሌላ አባት የልጁን ዓመት እንዳያጠፋ ብለው ነው።

እንግዲህ ከባሕር ማዶ ያለች ልጃችሁ ወይም የእኅታችሁ ልጅ «ደመወዝህን ጻፍልኝ» ብላ የላከችባችሁ ካለች፥ ነገ ሳትሉ ዛሬ ማታ መልሱላት።